«ኦቶማቲክ ነው» የተባለው ሁሉ ኦቶማቲክ ነውን?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

 

የዛሬው ርዕሳችን ስለ መኪና ካምቢዮ ነው። «ይህ ከዲን ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። ሆኖም አንድ ወንድማችን የቤተሰቡን ጥሪት አሟጦ መኪና ሲገዛ፣ ሌላው ሲሸጥለት በመካከላቸው አማና አለ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ የነዳጅ መኪና ፈላጊ ፊቱን ወደ አገለገሉት አዙሯል። በዚህ ገበያ ላይ «ኦቶማቲክ ነው» የምትለዋ የደላላ ቃል ብዙ ነገር ትሸፍናለች።

በማንዋል መኪና ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘውና የሚያለያየው ፍሪሲዮን ነው። ሾፌሩ በግራ እግሩ ፍሪሲዮን ይረግጣል፤ በእጁ ማርሽ ይቀይራል። በተለመደው ኦቶማቲክ ግን በሾፌር የሚረገጥ ፍሪሲዮን የለም። የሞተሩን ጉልበት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ዘይት ነው፤ ስለዚህ ለስላሳ ነው።

በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ዓይነት አለ። ካምቢዮውም ፍሪሲዮኑም የማንዋል ናቸው፤ የተቀየረው ሠራተኛው ነው። ኮምፒዩተር የመኪናውን ፍጥነት፣ የሞተሩን ዙርና የነዳጅ አረጋገጣችንን እያየ ያዛል፤ በኤሌክትሪክ ወይም በዘይት ግፊት የሚሠራ መሣሪያ ደግሞ ፍሪሲዮኑን ይለቅቃል፣ ማርሹን ይቀይራል፣ መልሶ ይይዛል። የሱዙኪ ኩባንያ «ኤጂኤስ» ይለዋል። በሕንድ አገር እ.ኤ.አ. በ2014 በማሩቲ ሱዙኪ ሴሌሪዮ ላይ ከተገጠመ ወዲህ በርካሽ መኪኖች ላይ ተስፋፍቷል። ቮልቮም ተመሳሳይ አሠራር ያለውን «አይ-ሺፍት» እ.ኤ.አ. በ2001 ለከባድ መኪኖች አቅርቧል። ስለዚህ አሠራሩ በራሱ የሚናቅ አይደለም።

ጥቅሙ ምንድን ነው? የግራ እግርን ያሳርፋል፤ በመኪና መጨናነቅ ውስጥ ቀኑን ለሚውል ሾፌር ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ከተለመደው ኦቶማቲክ በዋጋ ይረክሳል። የነዳጅ ፍጆታው ከማንዋሉ ብዙ አይርቅም። ሾፌሩ ሲፈልግ ማርሹን ራሱ መምረጥ ይችላል።

ጉዳቱስ? ማርሽ በሚቀየርበት ቅጽበት የሞተሩ ጉልበት ስለሚቋረጥ ተሳፋሪው ወደፊት ነቅነቅ ይላል። ሌላ መኪና ለመቅደም ነዳጅ ስንረግጥ ትንሽ ይዘገያል፤ ስለዚህ ጠባብ ክፍተት አይቶ መግባት አደጋ ነው። ብዙዎቹ ዳገት ላይ ፍሬን ሲለቀቅ ወደኋላ ይንሸራተታሉ። ፍሪሲዮኑም እንደ ማንዋሉ ያልቃል። ሲቀየር ኮምፒዩተሩ አዲሱን ፍሪሲዮን እንዲለምደው በመመርመሪያ መሣሪያ ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ይህን የማይችል ጋራዥ ዘንድ መሄድ ሁለተኛ ወጪ ነው።

አነዳዱም የራሱ ሥርዓት አለው። በቸርችል ጎዳና ዳገት ላይ መኪና ሲቆም ነዳጅ እየረገጡ ማቆየት ፍሪሲዮኑን ያቃጥለዋል፤ በፍሬን መያዝ ይገባል። እንደ አባይ በረሃ ባለ ረጅም ቁልቁለት ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በዜሮ ማርሽ መውረድ ነፍስን አደጋ ላይ መጣል ነው፤ ማርሹን በእጅ መርጦ በከባድ ማርሽ ሞተሩ እንዲይዘው ማድረግ ነው የሚበጀው። ብዙዎቹ «ፒ» የሚባለው የማቆሚያ ቦታ ስለሌላቸውም ስናቆማቸው የእጅ ፍሬን ስበን፣ ማርሽ ውስጥ አስገብተን ሞተሩን እናጥፋ።

ገዢው በምን ይለየዋል? የፍሪሲዮን ፔዳል ከሌለ በኋላ የማርሽ ዘንጉን ይመልከት። «ፒ» ጠፍቶ «አር፣ ኤን፣ ዲ፣ ኤም» ብቻ ከተጻፈበት ብዙውን ጊዜ ይኸው ሦስተኛው ዓይነት ነው። ከዚያም ዳገት ላይ ይሞክረው፤ የተቃጠለ ሽታ ካለ ወይም ሲነሳ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ለመካኒክ ያሳይ።

ሻጩንስ ምን እንበለው? ሙስሊም እንደዘገቡት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ አንድ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ቢያስገቡ እርጥበት አገኙ። ባለቤቱ ዝናብ እንዳገኘው ሲነግራቸው ሰዎች እንዲያዩት ለምን የራሰውን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ ማታለልንም አጥብቀው አወገዙ። ያለቀ ፍሪሲዮን ያለበትን መኪና «ኦቶማቲክ ነው፣ ፍሪሲዮን አያውቅም» ብሎ መሸጥ የራሰውን እህል ከታች መቅበር አይደለምን? «ፍሪሲዮኑ ሊያልቅ ነው» ብሎ ዋጋ የቀነሰ ሻጭ ግን ገንዘቡም ሕሊናውም ንጹሕ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ግብይታችንን በረካ ያለው፣ መንገዳችንንም ሰላም ያድርግልን።