ከቀብር ማግስት የሚመጣው ሹም

በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ አንድ ትልቅ ባለመሬት ሲሞት፣ ለቅሶው ሳይበርድ ደጁን የሚረግጥ ሰው ነበር። ዘመድ አይደለም፤ ቄስ አይደለም፤ አበዳሪም አይደለም። ኤስቺተር ይሉታል፤ የንጉሥ ሹም ነው። መጀመሪያ የሟቹን መሬት በንጉሡ ስም ይይዛል። ከዚያ የአካባቢውን ሰው ሰብስቦ ያስምላል። ሟቹ ምን መሬት ነበረው? ከማን ያዘው? በምን ግዴታ? መሬቱ በዓመት ምን ያወጣል? ሰውየው መቼ ሞተ? ወራሹ ማን ነው? ዕድሜውስ? መልሱን ብራና ላይ አስጽፎ፣ የመስካሪዎቹን ማኅተም አሳርፎ ይልካል። ሹመቱ ራሱን ችሎ የቆመው በ1232 ገደማ፣ በንጉሥ ሄንሪ 3ኛ ዘመን ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ብራናዎቹ ዛሬ ለንደን፣ ኪው በተባለው ሰፈር ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል።

ሹሙ የሚመጣው መሬቱ የሟቹ ስላልነበረ ነው። የኖርማንዲው መስፍን ዊሊያም በ1066 እንግሊዝን በጦር ከያዘ በኋላ፣ በሕግ ፊት የመሬቱ ሁሉ ባለቤት አንድ ሰው ሆነ፤ ንጉሡ። ሌላው ሁሉ፣ ታላቁ ባላባት ጭምር፣ ያዥ እንጂ ባለቤት አይደለም። ከንጉሡ በቀጥታ የያዘው ለበታቹ ያካፍላል፤ የበታቹም ለበታቹ። ዊሊያም በ1086 አገሩን አስሶ ያስመዘገበበት የዱምስዴይ መጽሐፍ እንኳ በየአውራጃው የተደረደረው በያዦቹ ስም ነው።

የመያዣው ዋጋ ግዴታ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ግዴታው የታጠቀ ፈረሰኛ ለንጉሡ ማሰለፍ ነው። አንዳንዱ ግን ያስቃል። ሰፎክ ውስጥ ሄሚንግስቶን በምትባል መንደር ሮላንድ የሚባል ሰው መሬት የያዘው፣ ገና በመጣ ቁጥር በንጉሡ ፊት አንድ ጊዜ ሊዘል፣ አንድ ጊዜ ሊያፏጭና አንድ ጊዜ ሊፈሳ ነበር። ኬንት ውስጥ ደግሞ ንጉሡ ባሕር ሲሻገር ሆዱ ቢረበሽበት ራሱን ደግፎ የመያዝ ግዴታ ያለበት ባለመሬት ነበር። ሁለቱም በመንግሥት መዝገብ በቁም ነገር የሰፈሩ ውሎች ናቸው። የሮላንድ ዘሮች ግዴታ ኋላ ላይ በገንዘብ ተለወጠ፤ ደግ ተደረገ።

እንግዲህ ግዴታው የሰው ግዴታ ነውና ሰውየው ሲሞት ይንጠለጠላል። ወራሹ ለአካለ መጠን የደረሰ ከሆነ ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ለንጉሡ እጅ ነሥቶ፣ የመግቢያ ክፍያ ከፍሎ ይረከባል። ችግሩ ክፍያው ስንት ነው የሚለው ላይ ነው። ንጉሥ ጆን እንደ ሰውየው ፊት ይጠይቅ ነበር። በ1205 ኒኮላስ ደ ስቱትቪል የተባለ ባላባት ውርሱን ለመረከብ 10,000 ማርክ ተጠየቀ። ማርክ የፓውንድ ሁለት ሦስተኛ ነው፤ የአንድ ትልቅ ባላባት ተገቢ ክፍያ ይባል የነበረው ደግሞ 100 ፓውንድ ነው። ባላባቶቹ በ1215 ጆንን ራኒሚድ ሜዳ ላይ አስጨንቀው ማኅተሙን ያስደረጉበትን ማግና ካርታ ዛሬ የሰው ልጅ ነፃነት ሰነድ እያልን እናወድሰዋለን። ገልጦ ያነበበው ሰው ግን ስለ ቤተ ክርስቲያን ከሚናገረው ከአንቀጽ 1 ቀጥሎ የሚያገኘው ውርስን ነው፤ ከአንቀጽ 2 እስከ 8 ያለው ስለ መግቢያ ክፍያ፣ ስለ ሕፃናት ወራሾችና ስለ መበለቶች ነው። ለባላባት 100 ፓውንድ፣ ለአንድ ፈረሰኛ ድርሻ መሬት ቢበዛ 100 ሽልንግ ተብሎ ተቆረጠ። የሚያንገበግባቸው ነገር የቱ እንደነበር ከቅደም ተከተሉ ይታወቃል።

ወራሹ ሕፃን ከሆነ ደግሞ የንጉሡ ሲሳይ ነው። ወንድ ልጅ 21 ዓመት እስኪሞላው ንጉሡ መሬቱን ይይዛል፤ ምርቱን ይበላል፤ ልጁን ለፈለገው ይድራል። እናቱ በሕይወት ብትኖርም ልጇን የማሳደግ መብት በራሱ አይመጣላትም፤ ከፈለገች ትገዛለች። ሞግዚትነቱም የመዳር መብቱም ሸቀጥ ነበርና ንጉሡ ይሸጠዋል፣ ለባለሟል ይሰጠዋል፣ ዕዳ ይከፍልበታል። ባለቅኔው ጄፍሪ ቾሰር ለንደን ወደብ ላይ የሱፍ ቀረጥ ተቆጣጣሪ ሆኖ በዓመት 10 ፓውንድ ደመወዝ ይቀበል በነበረበት ጊዜ፣ በ1375 የአንድ የኬንት ወራሽ ሞግዚትነት ከንጉሡ ተሰጠው። ከዚያ አንድ ልጅ 104 ፓውንድ አገኘ። የአሥር ዓመት ደመወዝ! መበለቲቱ በበኩሏ ከባሏ መሬት ሲሶውን ለዕድሜ ልኳ ታገኛለች፤ ባሏ መሬቱን በቀጥታ ከንጉሡ የያዘ ከሆነ ግን ያለ ንጉሡ ፈቃድ ሌላ ባል ላታገባ መማል አለባት። ወራሽ ጭራሽ የሌለ እንደሆነ መሬቱ ወደ ሰጪው ይመለሳል። ሟቹ በክህደት የተፈረደበት ከሆነም ወራሽ ቢኖረው እንኳ የንጉሡ ነው።

ይህ ሁሉ ገቢ አንድ ነገር ማወቅን ይጠይቃል፤ ማን ሞተ፣ ማንን ተወ። ንጉሡ ደግሞ ይህን የሚያውቅበት የራሱ ዓይን የለውም። የሚያውቀው ጎረቤት ነው። ስለዚህ ሥርዓቱ የቆመው በጎረቤት ቃል ላይ ነበር። ትእዛዙ ቻንስሪ ከሚባለው የንጉሡ ጽሕፈት ቤት ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ እንዲወጣ ደጅ የሚጠናው ወራሹ ራሱ ነው፤ ያለዚያ መሬቱን አያገኝማ። ኤስቺተሩ ቢያንስ 12 ነፃ ሰዎች ሰብስቦ ያስምላቸዋል። በአገራችን አውጫጭኝ ሕዝቡ ተሰብስቦ ምሎ ወንጀለኛ ያወጣ ነበር፤ እነዚህ ደግሞ ምለው ወራሽ ያወጣሉ። ሟቹ በአሥር አውራጃ መሬት ካለው አሥር ምርመራ ይደረጋል። ስለ አንድ ልጅ ዕድሜ ሁለት አውራጃ ሁለት ዓይነት መልስ የሚሰጥበት ጊዜም አለ። የአገሩን ልማድ የሚያውቁትም እነሱ ናቸው። በአብዛኛው አገር መሬቱ ለበኩር ልጅ ያልፋል፤ ወንድ ልጅ ከሌለ ሴቶቹ ልጆች እኩል ይካፈሉታል። ኬንት ውስጥ ግን ወንዶች ልጆች ሁሉ እኩል ይወርሳሉ፤ አንዳንድ ከተማና መንደር ደግሞ የመጨረሻው ልጅ ነው ወራሹ።

የመሬቱን ዓመታዊ ዋጋ በተመለከተ መስካሪዎቹ ሲበዛ ቆጣቢዎች ነበሩ። ብራናዎቹ ላይ የሠፈረው ግምት ከእውነተኛው ገቢ ዝቅ ያለ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ እንደሆነ የታሪክ ሰዎች ይናገራሉ። የሚገርም አይደለም። የጎረቤቱን መሬት ከፍ አድርጎ የገመተ ሰው፣ ነገ የራሱ ልጅ ላይ ማን ከፍ አድርጎ እንዲገምትበት ነው?

ከሁሉ የሚያስደስተኝ የዕድሜ ማስመስከሪያው ነው። በንጉሡ እጅ ያደገው ልጅ 21 ሞልቶኛል ብሎ መሬቱን ሲጠይቅ ማስረጃ ያስፈልገዋል፤ ቤተ ክርስቲያኖች የክርስትናና የቀብር መዝገብ እንዲይዙ የታዘዘው ግን ገና በ1538 ነው። ስለዚህ እንደገና 12 ሰዎች ይጠራሉ። በመሐላ የሚጠየቁት ልጁ የተወለደበትን ቀን ብቻ ሳይሆን ቀኑን በምን እንዳስታወሱት ነው። አንዱ በዚያው ቀን ከፈረስ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ሌላው አባቱን ቀበረ። ሌላው ልጁን ዳረ። አንዱ ቤቱ ተቃጠለ፤ አንዱ ወደ ሩቅ ገዳም ለመሳለም ተነሣ፤ አንዱ ልጁ ሲጠመቅ ችቦ ይዞ ቆሞ ነበር። ዜና መዋዕል የማይጽፋቸው ሰዎች ኑሮ በዚህ በኩል ሾልኮ ብራና ላይ ወጣ። ነገር ግን ሁሉንም ማመን አይገባም። ያው የተሰበረ እግር፣ ያው የተቃጠለ ቤት፣ በሌላ ዓመትና በሌላ አውራጃ በሌላ ሰው ስም ይመጣል። ጸሐፊዎች ከቆየ ብራና እየገለበጡ ምስክርነት ያዘጋጁ እንደነበር ተደርሶበታል። ልጁ በእርግጥ 21 ሞልቶት ሊሆን ይችላል፤ የሰውየው እግር ግን አልተሰበረም።

ይህ የአውራጃ ጉዳይ የአገር ጉዳይ የሆነበት ጊዜ አለ። ጁን 24 ቀን 1314 የግሎስተር ኧርል ጊልበርት ደ ክሌር ባኖክበርን ላይ ከስኮትላንድ ጦር ጋር ሲዋጋ ወደቀ። ዕድሜው 23 ነበር፤ ልጅ አልነበረውም፤ በእንግሊዝ፣ በዌልስና በአየርላንድ የያዘው መሬት በዓመት 6,000 ፓውንድ ገደማ ያስገባ ነበር። የሚወርሱት ሦስት እኅቶቹ ኤሌኖር፣ ማርጋሬትና ኤልዛቤት ናቸው። ሚስቱ ሞድ ግን ፀንሻለሁ አለች። ከባሏ ልጅ የሚወለድ ከሆነ እኅቶቹ ምንም አያገኙም። ዘጠኝ ወር አለፈ። ዓመት አለፈ። ሞድ አሁንም ፀንሻለሁ ትላለች፤ ንጉሥ ኤድዋርድ 2ኛም መሬቱ በእጁ እየቆየ ገቢው ይገባለታልና የሚያጣድፈው ነገር አልነበረም። የኤሌኖር ባል ሂዩ ደስፔንሰር ተናዶ በ1315 ቶንብሪጅ የተባለውን የክሌር ቤተሰብ ምሽግ ያዘ፤ እንዲለቅ ተደረገ። ጉዳዩን ለሸንጎ ሲያቀርብም የተሰጠው መልስ፣ ከተጠራጠርህ ሴቶች ማሕፀኗን እንዲመረምሩ የሚያዝዘውን ደብዳቤ በጊዜው መጠየቅ ነበረብህ የሚል ነበር። በሕጉ እንዲህ ያለ ደብዳቤ በእርግጥ ነበረ።

በዚህ መካከል ከእኅቶቹ አንዷ ኤልዛቤት ባሏ የሞተባት ነበረችና፣ በ1316 ቲዮባልድ ደ ቨርደን የተባለ ባላባት ከብሪስቶል ምሽግ ወስዶ ያለ ንጉሡ ፈቃድ አገባት። እሱም በዚያው ዓመት ሞተ። በ1317 ንጉሡ ማርጋሬትን ለሂዩ ኦድሊ፣ ኤልዛቤትን ለሮጀር ዳሞሪ ዳረ፤ ሁለቱም የቤተ መንግሥቱ ባለሟሎች ናቸው። ተፀነሰ የተባለውም ልጅ ሳይወለድ ቀረ፤ በኖቬምበር 1317 ርስቱ ለሦስት ተከፈለ። ደስፔንሰር በደረሰው አልጠግብ ብሎ በዌልስ የባለቤቱን እኅቶች ድርሻ ይነጥቅ ጀመር፤ በ1321 የድንበሩ ባላባቶች የተነሡበት ከዚህ የተነሣ ነው። ኤልዛቤት ብዙ ቆየች፤ ካምብሪጅ የሚገኘው ክሌር ኮሌጅ የሚጠራው በእሷ ቤተሰብ ስም ነው። በ1399 ደግሞ ሪቻርድ 2ኛ የሞተውን የአጎቱን የጆን ኦፍ ጎንትን ውርስ፣ በስደት ላለው ልጁ ለሄንሪ እንዳይሰጥ ከለከለ። ሄንሪ በበጋው ወራት መርከብ ይዞ መጣ፤ የአባቴን ርስት ብቻ ነው የምፈልገው አለ፤ ከሴፕቴምበር መጨረሻ በኋላ ንጉሡ እሱ ነበር።

ኤስቺተሩን ራሱን ማን ይጠብቀው የሚለውም ያሳስብ ነበር። አውራጃውን የሚያስተዳድረው ሸሪፍ አለ፤ ከ1194 ጀምሮ ድንገተኛ ሞትን የሚመረምረው ኮሮነር አለ፤ ሁሉም በየራሱ ይዘርፋል። ሄንሪ 2ኛ በ1170 አብዛኞቹን ሸሪፎች አንድ ላይ ሽሯቸዋል። ኤድዋርድ 1ኛም በ1274 ከመስቀል ጦርነት እንደተመለሰ ስለ ሹማምንቱ በደል አገሩን ሁሉ አስጠየቀ። በኤስቺተሮች ላይ የሚሰማው ስሞታ በሞግዚትነት የያዙትን ደን ይጨፈጭፋሉ፣ የኩሬውን ዓሣ ያወጣሉ፣ ያልተያዘ መሬት ተይዟል ይላሉ የሚል ነበር። በ14ኛው መቶ ዓመት ሕጎች ሥልጣናቸው በአንድ ዓመት ተገደበ፤ በዓመት 20 ፓውንድ የሚያወጣ መሬት የሌለው እንዳይሾም ተባለ፤ ምርመራውም በስውር ሳይሆን በአደባባይ እንዲሆን ታዘዘ። ሀብታም አይሰርቅም የሚለው ሐሳብ ያን ጊዜም ነበረ ማለት ነው።

ባላባቶቹ የኋላ ኋላ ከሕጉ የተሻለ ማምለጫ አገኙ። ሰውየው በሕይወት ሳለ መሬቱን ለሚያምናቸው ወዳጆቹ ያስተላልፋል፤ ገቢውን ግን እሱ ይበላል፤ ሲሞትም ላዘዘው ሰው ይሰጣሉ። ኤስቺተሩ ሲደርስ ሟቹ በወረቀት ምንም የለውም፤ ወዳጆቹ ደግሞ ብዙ ናቸውና አንድ ላይ አይሞቱም። ሄንሪ 8ኛ በ1536 ይህን በር በሕግ ዘጋ፤ በ1540 ደግሞ የሕፃናት ወራሾችን ጉዳይ ብቻ የሚያይ ፍርድ ቤት አቋቋመ። ያ ፍርድ ቤት የባላባቱን ቤት ሁሉ ያስለቀሰ የገንዘብ ወፍጮ ሆነ። ፓርላማው ከንጉሥ ቻርልስ 1ኛ ጋር ሲዋጋ በ1646 አፈረሰው፤ በ1660 ዙፋኑ ሲመለስም ሕጉ ጸና። ለንጉሥ ቻርልስ 2ኛ የቀረበት ገቢ ይካካስ ዘንድ በዓመት 100,000 ፓውንድ እንዲያገኝ ታሰበ። ገንዘቡ ከባላባቶቹ መሬት ላይ ይሰብሰብ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ፓርላማው ግን በቢራ፣ በሳይደር፣ በቡናና በሻይ ላይ በተጣለ ቀረጥ እንዲሞላ ወሰነ።