ውሃው የሚመራው ቤት፦ ቪላ ባርባሮ በማዜር መንደር

ከቬኒስ በስተሰሜን ምዕራብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ የአዞሎ ኮረብቶች ወርደው ከሜዳው ጋር በሚገናኙበት ግርጌ፣ ማዜር የምትባል የገጠር መንደር አለች። ስሟ በሥነ ሕንፃ መጻሕፍት ውስጥ ደጋግሞ የሚነሣው በአንድ ቤት ምክንያት ነው። ቤቱ ቪላ ባርባሮ ይባላል። በ1550ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የነደፈው አንድሬያ ፓላዲዮ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው በፊት ለፊቱ ውበትና በውስጡ ባሉት የግድግዳ ሥዕሎች ነው። ቤቱን አጥርቶ ለማወቅ ግን ውሃውን መከተል ይበጃል። ከጓሮው ኮረብታ የሚፈልቀው ምንጭ የሚሄድበት መንገድ፣ ይህ ቤት ለምን እንደተሠራና ምን እንደሚያደርግ ከላይ እስከ ታች ያሳያል።

ያሠሩት ሁለት የቬኒስ መኳንንት ወንድማማቾች ናቸው። ታላቁ ዳኒየሌ ባርባሮ የቤተ ክርስቲያን ሰውና ሊቅ ነበር። የጥንቱን ሮማዊ መሐንዲስ የቪትሩቪየስን መጽሐፍ ወደ ጣሊያንኛ መልሶ፣ ማብራሪያ ጨምሮ በ1556 ሲያሳትም፣ ለመጽሐፉ ንድፎችን የሠራለት ፓላዲዮ ነው። ታናሹ ማርካንቶኒዮ ዲፕሎማት ነበር፤ በኋላም የቬኒስ መልእክተኛ ሆኖ ቁስጥንጥንያ ተቀምጧል። ፓላዲዮ በበኩሉ ከመኳንንት ወገን አልነበረም። በ1508 ፓዶቫ ከተማ ከወፍጮ ሠራተኛ አባት ተወልዶ፣ ሥራውን በድንጋይ ጠራቢነት ጀምሮ ነው እዚህ የደረሰው።

በዚያ ዘመን የቬኒስ ሀብታሞች ከባሕር ንግድ በተጨማሪ ገንዘባቸውን መሬት ላይ ማዋል ጀምረው ነበር። ረግረጉ ይጠነፈፋል፣ መስኖ ይዘረጋል፣ እህል ይዘራል። ለዚህ ሁሉ ባለርስቱ ከከተማ ወጥቶ ሥራውን በዓይኑ የሚያይበት ቤት አስፈለገው። የፓላዲዮ ቪላዎች የመጡት ከዚህ ፍላጎት ነው። ለመዝናናትም ቢያገለግሉ፣ መሠረታቸው እርሻ ነው።

ከታች ከመንገዱ ቆሞ ለሚያይ ሰው ቪላ ባርባሮ በአንድ መስመር የተዘረጋ ሰፊ ቤት ነው። መካከለኛው ክፍል ወደ ሜዳው ጎልቶ ይወጣል፤ አራት ግማሽ ዓምዶችና ከበላያቸው ባለ ሦስት ማዕዘን ግንባር ስላሉት የጥንት ሮማውያንን ቤተ መቅደስ ይመስላል። ግንባሩ ላይ የባርባሮ ቤተሰብ ዓርማ በኖራ ልስን ተቀርጿል። በግራና በቀኝ አምስት አምስት ቅስት ያላቸው ክንፎች ይዘረጋሉ። ክንፎቹ የሚያበቁት በእርግብ ቤቶች ነው። በዚያን ጊዜ እርግብ ለገበታ ሥጋ፣ ለማሳ ማዳበሪያ ትሰጥ ነበር፤ ባለርስቱም ለእርግቦቹ የሠራው ማደሪያ የቤቱን ሁለት ጫፎች አስጊጦለታል።

ፓላዲዮ በ1570 ባሳተመው «አራቱ የሥነ ሕንፃ መጻሕፍት» ውስጥ ለገጠር ቤት የሚሰጠው ምክር ግልጽ ነው። የእርሻው ዕቃ፣ ምርቱና እንስሳቱ የሚጠለሉበት ስፍራ ከባለቤቱ መኖሪያ ጋር መያያዝ አለበት፤ ዝናብም ሆነ ፀሐይ ሳይከለክለው ከጣሪያ ሥር እየተዘዋወረ ሥራውን መቆጣጠር ይችል ዘንድ። ከቅስቶቹ ሥር ያለው መተላለፊያ ይህን ያደርጋል። በሌሎች አሠሪዎች ዘንድ ጎተራና በረት ከጓሮ ሲደበቁ፣ እዚህ ግን ቤተ መቅደስ ከሚመስለው ግንባር ጎን፣ በዚያው ልክና በዚያው ሥርዓት ቆመዋል።

ቤቱ የተሠራበት ነገርም ውድ አልነበረም። ከሩቅ ድንጋይ የሚመስለው ብዙው ክፍል የሸክላ ጡብ ነው፤ በላዩ ላይ ኖራ ተለስኖበታል። ፓላዲዮ ግርማን የሚፈልገው ከልኬት፣ ከቅርጽና ከብርሃን ነው። መስኮቱ ከግድግዳው፣ ቅስቱ ከዓምዱ፣ ክንፉ ከመካከለኛው ቤት ጋር ያለው ምጣኔ ከተስተካከለ ርካሹ ጡብ ከእብነ በረድ አያንስም።

አሁን ወደ ጓሮ እንዙር። ቤቱ የተሠራው በተዳፋት ላይ ስለሆነ፣ ከፊት ሲታይ ፎቅ የሆነው ከኋላ ምድር ቤት ነው። ከላይኛው ፎቅ ክፍሎች በር ሲከፈት ደረጃ ሳይወርዱ በቀጥታ ወደ ግቢ ይወጣል። በግቢው ጫፍ፣ ኮረብታው ተቆርጦ፣ በግማሽ ክብ ግድግዳ ላይ በኖራ ልስን የተሠሩ ምስሎች ቆመዋል። ምንጩ የሚፈልቀው እዚህ ነው።

የውሃውን ጉዞ ፓላዲዮ በመጽሐፉ ደረጃ በደረጃ ዘርዝሮታል። ውሃው መጀመሪያ ግቢው ውስጥ ትንሽ ኩሬ ሠርቶ ዓሣ ይረባበታል። ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ይገባል። ከወጥ ቤት ወጥቶ፣ ወደ ቤቱ በሚያስገባው መንገድ ግራና ቀኝ ያሉትን የአትክልት ስፍራዎች ያጠጣል። ቀጥሎ ከሕዝብ መንገድ ዳር ሁለት የዓሣ ኩሬዎችን ይሞላል፤ ከጎናቸውም ከብት የሚጠጣበት ገንዳ አለ። በመጨረሻ ወደ ታች ወርዶ ሰፊውን የፍራፍሬ እርሻ ያረካል። ጉዞው ሁሉ የሚሠራው በተዳፋቱ ኃይል ብቻ ነው። ምስል ያስጌጠው ምንጭና ከብቶች አፋቸውን የሚነክሩበት ገንዳ የአንድ ውሃ ሁለት ጫፎች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ደግሞ መላው ቤት ነው።

ውስጡን ያሳመረው ሠዓሊው ፓውሎ ቬሮኔዜ ነው። በ1560 እና በ1561 አካባቢ በእርጥብ ልስን ላይ የሣላቸው ሥዕሎች የላይኛውን ፎቅ ክፍሎች ሞልተዋል። ከእውነተኛው መስኮት አጠገብ የተሣለ መስኮት አለ፤ ከእውነተኛው በር ትይዩ በተሣለ በር አንዲት ትንሽ ልጅ ብቅ ብላ ታያለች። በአንድ አዳራሽ ውስጥ ቀና ሲሉ፣ ከሰገነት ላይ አንዲት እመቤት ከሞግዚቷ ጋር ሆና ወደ ታች ትመለከታለች። በተሣሉት መስኮቶች በኩል የሚታየው ሜዳና ኮረብታ ነው፤ በእውነተኞቹ መስኮቶች በኩልም እንዲሁ። የሚገርመው ፓላዲዮ ይህን ቤት በመጽሐፉ ሲያስተዋውቅ የቬሮኔዜን ስም አላነሣም። የምንጩን ጉዞ ግን እስከ ከብቶቹ ገንዳ ድረስ ጽፎታል። ሐሳቡ የት እንደነበረ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ጉልላት ያለው ትንሽ ክብ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከፊቱ ስድስት ዓምዶች ያሉት ሲሆን 1580 የሚል ዓመት ተጽፎበታል። ፓላዲዮ የሞተው በዚያው ዓመት ስለሆነ ከመጨረሻ ሥራዎቹ አንዱ ነው። የተሠራው ለቪላው ቤተሰብም ለመንደሩ ምእመናንም አንድ ላይ እንዲያገለግል ነው።

ቤቱ እስከ ዛሬ የደረሰው በእንክብካቤ ነው። ከብዙ ዓመታት መጎሳቆል በኋላ በ1850 ሳንቴ ጃኮሜሊ የተባለ የኢንዱስትሪ ሰው ገዝቶ አሳደሰው። በ1934 ጁዜፔ ቮልፒ እጅ ገባ። ቮልፒ የቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል መሥራች፣ በሙሶሊኒ ዘመን የገንዘብ ሚኒስትር የነበረ፣ ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረችበት ጊዜም የጣሊያንን ኢንዱስትሪዎች ማኅበር ይመራ የነበረ ሰው ነው። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ማወቅ ይገባዋል፤ የቤት ታሪክ የባለቤቶቹንም ታሪክ ይጨምራልና።

ዩኔስኮ በ1994 የፓላዲዮ ሕንፃዎች ያሉባትን የቪቼንዛን ከተማ በዓለም ቅርስነት መዝግቦ፣ በ1996 ከከተማዋ ውጭ ያሉትን የቬኔቶ ክልል ቪላዎች ጨመረበት። በመዝገቡ ያሉት የፓላዲዮ ቪላዎች 24 ናቸው፤ ቪላ ባርባሮ ከእነርሱ አንዱ ነው። ይህ ሆኖም ቤቱ ዛሬም የግል ነው። በርስቱ ላይ ወይን ይመረታል፤ ጎብኚ ሲገባ ወለሉ እንዳይጫር ከጫማው በላይ ሰፊ የሱፍ ነጠላ ጫማ ያደርጋል። በጣሊያን ሕግ መሠረት የተጠበቀ ቅርስ ባለቤት ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ቤቱን ማደስም ሆነ መለወጥ አይችልም።

ጥበቃው ግን ግድግዳውንና ሥዕሉን በመከለል ብቻ አይሞላም። የኮረብታው ምንጭ ቢደርቅ፣ ከመንገዱ በታች ያለው እርሻ በፋብሪካ ቢሸፈን፣ አንድ ጡብ ሳይነቀል ቪላ ባርባሮ ትርጉሙን ያጣ ነበር። የጥንት ቤት ጠብቀን ለልጆቻችን እናቆይ ስንል፣ ቤቱን ከሚያጠጣው ውሃና ከሚያበላው መሬት ጋር አብረን መጠበቅ ይኖርብናል።