የምድጃው ኩበትና የእርሻው ሲሳይ

ማልዶ ወደ ጎንደር ገበያ የወጣ ሰው ከዙሪያው ገጠር በሰው ጀርባና በአህያ የሚመጣውን ኩበት ሳያይ አይመለስም። እንጨት በተመናመነበት ደጋ ኩበት ምድጃ ያሞቃል፤ ለሻጯም የጨውና የበርበሬ መግዣ ይኾናልና አንነቅፈውም። ነገር ግን እበቱ በተቃጠለ መጠን እርሻው ሲሳዩን ያጣል። ከወገራ እስከ ደባርቅ ያለ ገበሬ እንደሚያውቀው፣ ጥራጊ የሚወድቅበት ጓሮ ሲያፈራ ራቅ ያለው ማሳ ይደክማል። ከውጭ የሚገዛው ማዳበሪያም በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል እጥረት ደርሶበት ብዙ ገበሬ ተቸግሯል።

እንግዲህ በቤታችን ያለውን እንመልከት። ገለባ፣ አረም፣ የድንች ልጣጭ፣ የበግ በጠጥ፣ ጥቂት አመድና አፈር በጥላ ሥር ተደራርቦ ይከመር። እርጥበቱ በእጅ ሲጨበጥ የማያንጠባጥብ ይኹን፤ በየሦስት ሳምንቱም ይገላበጥ። በመካከሉ የተተከለው በትር ተነቅሎ ቢሞቅ ክምሩ እየበሰበሰ ነው። በደጋ ብርድ ከአራት ወር በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ጠቍሮ የእርጥብ አፈር ሽታ ሲሰጥ ደርሷል። ኩበት ብቻ ማገዶው የኾነ ቤት ከጥራጊውና ከአረሙ ይጀምር፤ ለነገው ምድጃም ዛፍ ይትከል።

ይህ ሥራ በአገራችን የተፈተነ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1996 ጀምሮ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ባነሣሡት ሥራ፣ በትግራይ ብስባሽ የተጨመረበት ማሳ ካልተጨመረበት አብልጦ ሲያፈራ ታይቷል።

የደረሰው ብስባሽ በወንፊት ተነፍቶ በጆንያ ቢቀርብ፣ በከተማ ችግኝ ለሚያፈሉና አትክልት ለሚተክሉ ይሸጣል። ሻጭ ግን እውነቱን ይናገር። 100 ኪሎ ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ሲይዝ፣ የብስባሽ ኵንታል ብዙ ጊዜ ከ2 ኪሎ አይበልጥም፤ ትልቁ ጥቅሙ አፈሩን ማለስለሱና እርጥበት ማቈየቱ ነው። ድንጋይ ቀላቅሎ መመዘንም በእግዚአብሔር ፊት ስርቆት ነው።

ከኹሉ በፊት የራስ ማሳ ይጥገብ። ማሳውን አስርቦ ብስባሹን ወደ ገበያ የሚያወርድ ቤተሰብ፣ ስሙን ለወጠ እንጂ ያው የእርሻውን ሲሳይ ሸጠ። ለገበያ የሚወጣው ትርፉ ይኹን።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ልትቈረጥ የነበረችውን በለስ የወይኑ ጠባቂ አማለዳት፤ ዙሪያዋን ቈፍሮ ፍግ እስኪያደርግላት አንድ ዓመት ለመነላት። የደከመው ማሳችንም ከእኛ የሚሻው ይህንኑ የአንድ ዓመት ትጋት ነው።