የተሽከርካሪ እግር ድምፅ ሲያሰማ ዕቃ ከመለወጥ በፊት ምንጩን መለየት ያስፈልጋል

በኮረኮንችና በአቧራማ መንገድ ለመስክ ሥራ የሚሰማሩ የመንግሥት ተሽከርካሪዎች ከሥራቸው ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ማሰማት ሲጀምሩ፣ ብዙ ጊዜ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ሾክ አብዞርበር ነው። ይሁንና የድምፁ ምንጭ ሳይለይ የሚፈጸም የመለዋወጫ ግዥ ገንዘብ ከማባከኑም በላይ አደገኛ ብልሽት ሳይታይ እንዲቆይ ያደርጋል።

ምርመራው የሚጀመረው ድምፁ የሚሰማበትን ጊዜ በመለየት ነው። ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ ፍሬኑ፣ መሪ ሲዞር ከሆነ የፊት እግር መጋጠሚያዎች ይፈተሻሉ። ጉድጓድ ሲያልፍ የሚሰማ ከሆነ ደግሞ ተሽከርካሪው በደልዳላ ቦታ ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ አንድ ሰው አራቱን ማዕዘኖች በየተራ ወደ ታች እየተጫነ ሲለቅ ሌላው ያዳምጣል።

አቅጣጫው ከታወቀ በኋላ በዚያ በኩል ያሉት ጎሚኒዎች አንድ በአንድ በውኃ ይረጠባሉ። ድምፁ ለጊዜው ከጠፋ ምንጩ መጨረሻ የረጠበው ጎሚኒ ነው ማለት ይቻላል። እንደ ቶዮታ ሃይሉክስ ባሉ ፒክአፖች በኋላ ባሌስትራ ተደራራቢ ብረቶች መካከል የሚገባ አቧራና ዝገትም ተመሳሳይ ድምፅ ይፈጥራል።

በጎሚኒ ላይ የሞተር ዘይት መቀባት ድምፁን ለጊዜው ቢያጠፋም ላስቲኩን አሳብጦ ሊያበላሸው ይችላል።

ድምፁ ወደ ኳኳታ ከተለወጠ ወይም መሪው ከላላ ግን ተሽከርካሪው ሳይመረመር ለስምሪት መውጣት የለበትም። ያለቀ ቦል ጆይንት በጉዞ ላይ ከተላቀቀ ጎማው ታጥፎ ተሽከርካሪው ከቁጥጥር ውጭ ሊሆን ይችላል።

በመሆኑም ድምፁ መቼና በየትኛው በኩል እንደሚሰማ በጥገና መጠየቂያው ላይ በግልጽ ማስፈር፣ ወጪን ለመቀነስም ሆነ የሰው ሕይወትን ለመጠበቅ ይረዳል።