ውሻችሁ ለምን ያካል? ለምንስ ይሸታል?

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ሌሊት ጅብ ሲመጣ በጉንና ጥጃውን የሚያስጥለው እሱ ነው። ታዲያ ይኸው ዘበኛ አንዳንዴ ቀን ከሌት ያካል፤ ጠጕሩ ይረግፋል፤ ይሸታል። ያን ጊዜ አንዱ «ገማ!» ብሎ ያባርረዋል። ሌላው የተቃጠለ ዘይት ይቀባዋል። ሁለቱም ጥፋት ነው። ሕመሙ መድኃኒት አለው።

ሕመሙ ከምን ይመጣል?

ሊጥ የሚያቦካውን እርሾ ሁላችንም እናውቃለን። በእርሾ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን አሉ። ሙቀትና እርጥበት ሲያገኙ ይራባሉ፤ ሊጡም ኩፍ ይላል። የእነዚህ ዘመድ የሆነ፣ ማላሴዝያ የሚባል፣ በጤነኛ ውሻ ቆዳ ላይም ይኖራል። ጥቂት ሲሆን አይጐዳም። ቆዳው ሲረጥብ፣ ቅባት ሲበዛበት፣ ወይም በቁንጫና በሌላ ሕመም ሲጐዳ ግን እንደ ሊጡ እርሾ ይበዛል። በተለይ ጆሮ ውስጥ፣ ብብት፣ ብሽሽት፣ አንገት ሥርና በጣቶች መካከል ይራባል።

ምልክቱስ ምንድን ነው?

1. ውሻው ያካል፤ እግሩን ይልሳል፤ ራሱን ያራግፋል።
2. ቆዳው ይቀላል፤ ቅባት ይይዛል፤ መጥፎ ሽታ ያመጣል።
3. ከጆሮው ቡናማ ቆሻሻ ይወጣል።
4. ሲቆይ ቆዳው ይጠቁራል፤ ይወፍራል።

እከክም ይህን ይመስላል። እከክ ግን የሚመጣው ከጥቃቅን ተባይ ነው፤ አንዱ ዓይነት ወደ ሰውም ይተላለፋል። መድኃኒታቸው ይለያያል። ስለዚህ የእንስሳት ሐኪም ከቆዳው ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ ቢያየው ነው የሚሻለው።

ምን እናድርግ?

ማላሴዝያ መሆኑ ከታወቀ፣ ክሎርሄክሲዲንና ማይኮናዞል እያንዳንዳቸው 2 በመቶ ባሉበት የውሻ ሻምፖ በሳምንት 2 ጊዜ እጠቡት። አረፋው 10 ደቂቃ ይቆይበት። ከዚያ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት፤ በደረቅ ጨርቅም እጥፋቱን ሁሉ አድርቁ። እርጥብ ከተተወ የታጠበው በከንቱ ነው። ማከኩ ቀነሰ ብላችሁ ሐኪሙ ካዘዘው ጊዜ በፊት አታቋርጡ። ሕመሙ ከጸና ሐኪሙ የሚዋጥ መድኃኒት ይሰጣል። መጠኑ በውሻው ክብደት ይወሰናል። ከሰው የተረፈ ኪኒን አትስጡት።

የተቃጠለ ዘይት፣ ናፍጣ፣ ነጭ ጋዝ ወይም የሰብል ተባይ መግደያ አትቀቡት። ቆዳውን ያቆስላል። ውሻ ገላውን ስለሚልስም መርዙ ሆዱ ይገባል፤ ሊሞትም ይችላል። ጆሮውንም በእንጨት አትጐርጕሩ፤ ታምቡሩ ይቀደዳል።

ቁንጫው ካልጠፋ ሕመሙ ይመለሳል። ስለዚህ መኝታውን ጥረጉ፤ እርጥቡን ገለባ አውጥታችሁ ደረቅ አንጥፉለት። በክረምት ውሃ የማይገባበት ጥግ ስጡት።

ውሻው ማከክ ሲጀምር አትጠብቁ። ጆሮውን ገልጣችሁ እዩ፤ ጣቶቹን ፈልቅቃችሁ አሽትቱ። ቶሎ የታወቀ ሕመም ቶሎ ይድናል፤ በጎቻችሁም ያለ ዘበኛ አያድሩም።