ብሬን ያልሆነው ብሬን

ከአዋሽ ሰባት ወደ አዋሽ አርባ በሚወስደው አስፋልት ላይ ወታደራዊ ማሠልጠኛ እንዳለ ሾፌሩም ተሳፋሪውም ያውቃል። በዚህ መንገድ የመሣሪያ ወሬ ከተነሳ ክላሽ፣ ድሽቃና ብሬን መጠራታቸው አይቀርም። ከሦስቱ እኔን የሚገርመኝ ብሬን ነው።

ቀድሞ የነበረው መትረየስ ነው፤ ቃሉም ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። የድሮው መትረየስ ግን በእግሩ ላይ ተተክሎ የሚተኩስ፣ ለመሸከም በቅሎ የሚሻ ሸክም ነበር። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ይዞት የመጣው ብሬዳ 30 ቀለል ያለ ቢሆንም ጥይቱ ዘይት ካልተቀባ አይሠራም፤ ዘይት ደግሞ አቧራ ይሰበስባል። የአዋሽን ሸለቆ አቧራ የቀመሰ ሰው ቀሪውን ይገምታል።

ብሬንን መጀመሪያ የነደፈው በቼኳ ብርኖ ከተማ ቫክላቭ ሆሌክ ነው። እንግሊዞች በኤንፊልድ ለራሳቸው ጥይት አሻሽለው ሠሩት፤ ስሙም የሁለቱ ከተሞች ስም መጀመሪያ ፊደላት ውጤት ነው። ክብደቱ 10 ኪሎ ገደማ፣ 30 ጥይት የሚይዘው ካዝና ከላይ የሚሰካ፣ በደቂቃ 500 ያህል የሚተኩስ ነው። ተኳሹ በሆዱ ተኝቶ ሲተኩስ ረዳቱ ካዝና ያቀብላል፤ በርሜሉ ሲግል በትርፉ ይቀይርለታል።

በመጋቢት 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር 22ኛው የምሥራቅ አፍሪካ ብርጌድ፣ ጣሊያን ድልድዩን ያፈረሰበትን አዋሽን ተሻግሮ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ የእግረኛው ጓድ መተማመኛ ብሬን ነበር። ከነጻነት በኋላም አዲሱን ሠራዊት ያሠለጠነው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ነው። በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ የታጠቀው ግን የአሜሪካ መሣሪያ ነበር።

በ1969 ዓ.ም. ደርግ ፊቱን ወደ ሶቪየት ሲያዞር አርፒጂው፣ ሞርታሩ፣ ድሽቃውም ጎረፈ። ከክላሽንኮቭ እጅ የወጣው ፒኬኤምም ተከተለ፤ ክብደቱ 7.5 ኪሎ ነው፤ ከእንግሊዙ ጋር የዘር ዝምድና የለውም። ሆኖም ባለ ሁለት እግር ሆኖ ከጓዱ ፊት የሚተኛ መሣሪያ ስለሆነ ሰው ብሬን አለው። ባላገሩ ስም የሚያወጣው በሥራው እንጂ በፋብሪካው አይደለም፤ ትክክልም ይመስለኛል።

ዛሬም ተያዙ የሚባሉ መሣሪያዎች በዜና ሲዘረዘሩ «ብሬን» ይባላል። ፎቶውን ጠጋ ብሎ ላየው ግን ከላይ የተሰካ ካዝና የለም፤ ጥይቱ በሰንሰለት ከጎን ይገባል።