ሳሎኑም የመሣሪያው አካል ነው፦ ሆም ቲያትር በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ቤቶች

በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ በነፋስ መውጫም ይሁን በአርብ ገበያ፣ በወገዳም ይሁን በመካነ ኢየሱስ፣ ሆም ቲያትር የገባባቸው ሳሎኖች አቀማመጣቸው ተመሳሳይ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። በአንደኛው ግድግዳ ሥር ቡፌ ይቆማል፤ በቡፌው መካከል ቴሌቪዥኑ ይቀመጣል፤ አምስቱ ትንንሽ ስፒከሮች ዳንቴል ለብሰው ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ፣ አለዚያም ከቡፌው አናት ላይ እንደ ወታደር ተሰልፈው ይታያሉ። በተለምዶ «ቤዝ» የሚባለው ትልቁ ሣጥን፣ ማለትም ሰብዉፈሩ፣ በተገኘው ጥግ ይሸጎጣል። ሶፋው ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ ክፍሉን ይከባል። ባለቤቱን ስለ ዕቃው ስንጠይቀው የምናገኘው መልስም ያው ነው፤ ጩኸቱ ቤት ያናውጣል፣ የተዋናዩ ቃል ግን አይለይም።

ብዙውን ጊዜ ከዚህ የሚደረስበት ድምዳሜ ዕቃው ደካማ ስለሆነ «ዋቱ» ከፍ ያለ ሌላ መግዛት ያስፈልጋል የሚል ነው። አንድ ቤተሰብ ከእህልና ከከብት ሽያጭ ያጠራቀመውን ገንዘብ ለዚሁ ጉዳይ ሁለተኛ ጊዜ ከማውጣቱ በፊት ግን ፊዚክስን ቢያማክር ይጠቀማል እንላለን። ድምፅ ከስፒከሩ ወጥቶ ጆሯችን እስኪደርስ ድረስ የሚያቃናውም የሚያበላሸውም ሳሎኑ ነውና። ሳሎኑን ማስተካከል ደግሞ ከጉልበት በቀር ያን ያህል ወጪ አይጠይቅም።

ቀኝና ግራ

ይህ አካባቢ ኤሌክትሪክ ከመግባቱ ከብዙ ዘመን በፊት ጀምሮ በድምፅ ጥበብ የታወቀ ነው። የጋይንቷ ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት፤ ዙር አምባም በዝማሬና በመዋሥዕት ትታወቃለች። በማኅሌት ጊዜ ሊቃውንቱና ደባትሩ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆመው እየተቀባበሉ ያዜማሉ፤ የቀኙን ወገን ቀኝ ጌታ፣ የግራውን ግራ ጌታ ይመራል። በመካከል የቆመ ሰው ዓይኑን ቢጨፍን እንኳ ዜማው ከየትኛው ወገን እንደተነሣ አይስትም።

ለምን አይስትም? ከቀኝ የተነሣ ድምፅ ቀኝ ጆሯችን ከደረሰ በኋላ ግራ ጆሯችን እስኪደርስ ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ያነሰ ጊዜ ይፈጅበታል። አእምሯችን ይህችን ኢምንት ልዩነት ይለካል። በተጨማሪም ጭንቅላታችን ቀጭን ድምፆችን ስለሚጋርድ በሩቁ ጆሮ በኩል ደከም ብለው ይሰማሉ። ወፍራም ድምፅ ግን በቀላሉ አይጋረድም። በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር የሚጓዝ የ60 ኸርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመቱ 5.7 ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም ከብዙ ሳሎኖች ርዝመት ይበልጣል። በጸናጽል ውስጥ የሚገኘው የ6000 ኸርዝ ድምፅ ግን የሞገድ ርዝመቱ 5.7 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሌሊት ከሩቅ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የሚሰማው ከበሮውን ሆኖ፣ ጸናጽሉና የዜማው ቃል ግን ሲቀርብ ብቻ የሚለዩትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ረጅሙ ሞገድ ቤቱንና ዛፉን ዞሮ ያልፋል፣ አየሩም እንደ አጭሩ ሞገድ አያደክመውም።

ወደ ሳሎናችን ስንመለስ፣ ከዚህ የምናገኘው ነገር ግልጽ ነው። ሰብዉፈሩ አቅጣጫው ስለማይታወቅ የትም ሊቀመጥ ይችላል፤ አምስቱ ትንንሾች ግን ቦታቸውን ከለቀቁ ሥራቸውን ለቀቁ ማለት ነው። በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የውሳኔ ሐሳብ መሠረት አንደኛው ስፒከር በቴሌቪዥኑ መካከል ይሆናል፤ ሁለቱ የፊት ስፒከሮች ከአድማጩ አንጻር በግራና በቀኝ በ30 ዲግሪ ይቆማሉ፤ ሁለቱ የኋላዎች ደግሞ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ውስጥ፣ ማለትም ከጆሮ ጥቂት ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው ይሰቀላሉ። ዲግሪ ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። በሁለቱ የፊት ስፒከሮች መካከል ያለው ርቀት ከእያንዳንዳቸው እስከ አድማጩ ካለው ርቀት ጋር እኩል ከሆነ 30 ዲግሪው ተገኘ ማለት ነው፤ ለዚህም አንድ ሲባጎ ይበቃል።

የእኛ ሳሎን ግን ለአንድ አድማጭ የተሠራ አይደለም። እንግዳ ይመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ሰዉ በየሶፋው ዳርና ዳር ይቀመጣል። ዳር የተቀመጠ ሰው አጠገቡ ያለው የኋላ ስፒከር ድምፅ ቀድሞ ስለሚደርሰው ሁሉንም ድምፅ ከዚያ የመጣ ይመስለዋል፤ ሄልሙት ሐስ የተባለው ጀርመናዊ ይህን የጆሮ ጠባይ እ.ኤ.አ. በ1949 ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፉ በዝርዝር አጥንቶታል። መፍትሔው የኋላ ስፒከሮችን ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍ አድርጎ መስቀልና በመሣሪያው ውስጥ የየስፒከሩን ርቀት መሙላት ነው። መሣሪያው ቅርብ የሆነውን ስፒከር በእያንዳንዱ 34 ሴንቲ ሜትር ልዩነት በሺህኛ ሰከንድ ያዘገየዋል። የመካከሉ ስፒከር ንግግሩን የሚሸከም በመሆኑ ቡፌው ውስጥ ከመስተዋት ጀርባ ሊቀበር አይገባም። የኋላዎቹን ለመስቀል የማይመች ቤት ከሆነ ደግሞ፣ በእኛ አስተያየት አምስቱን ቡፌ ላይ ከመደርደር ሦስቱን የፊት ስፒከሮች ብቻ በሥርዓት ማቆም እጅግ ይሻላል።

ቃል ለምን ይጠፋል?

«ሰበረ»፣ «ከበረ» እና «ነበረ» የሚሉትን ቃላት ብንመለከት የሚለያዩት በመጀመሪያው ተነባቢ ድምፅ ብቻ ነው። ተነባቢዎች ባመዛኙ ደካማና አጭር ናቸው፤ አናባቢዎች ግን ብርቱና ረዘም ያሉ ናቸው። ክፍሉ የአናባቢውን ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እያጋጨ ካቆየው የሚቀጥለው ተነባቢ በእርሱ ሥር ይዋጣል። ጩኸት እያለ ቃል የሚጠፋው እንዲህ ነው፤ ድምፁን መጨመርም ሁለቱንም አብሮ ስለሚያሳድግ ምንም አይፈይድም።

ይህን ችግር በመጀመሪያ በቁጥር የፈታው የሐርቫርዱ ዋለስ ሳቢን ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ዩኒቨርሲቲው በአንድ አዲስ የመማሪያ አዳራሽ ውስጥ የመምህሩ ቃል ለምን እንደማይሰማ እንዲመረምር አዘዘው። ሳቢን ከሌላ አዳራሽ የወንበር ትራሶች እያስመጣ፣ ሌሊት ከተማው ጸጥ ሲል የኦርጋን ቱቦ እየነፋ፣ ድምፁ እስኪጠፋ ያለውን ጊዜ በጆሮውና በሰዓት ለካ። (ይህ ሰው የዶክትሬት ዲግሪ እንዳልነበረው ለተማሪዎቻችን ስንነግራቸው ደስ ይላቸዋል።) ያገኘው ቀመር ዛሬም ይሠራል፤ የክፍሉን ይዘት በሜትር ኩብ በ0.161 አባዝተን በክፍሉ ውስጥ ላለው ድምፅ መጣጭ ስፋት በካሬ ሜትር ስናካፍል፣ ድምፁ ከቆመ በኋላ በ60 ዴሲቤል እስኪወርድ የሚፈጀውን ሰከንድ እናገኛለን።

አንድ ሳሎን ርዝመቱ 5፣ ወርዱ 4፣ ከፍታው 2.5 ሜትር ነው እንበል። ይዘቱ 50 ሜትር ኩብ፣ የወለሉ፣ የጣሪያውና የግድግዳው ድምር ስፋት 85 ካሬ ሜትር ይሆናል። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው የተለሰነና ዘይት ቀለም የተቀባ ሆኖ በአማካይ የሚመጠው ከሚደርሰው ድምፅ 5 በመቶውን ብቻ ቢሆን፣ የመጣጩ ስፋት 4.25 ካሬ ሜትር፣ የድምፁ ቆይታም ወደ 1.9 ሰከንድ ይሆናል። ለንግግር ይህ እጅግ ብዙ ነው። ምንጣፍ፣ ወፍራም መጋረጃ፣ የጨርቅ ሶፋና ስድስት ሰዎች ተጨምረው የመጣጩ ስፋት 16 ካሬ ሜትር ቢደርስ ቆይታው ወደ ግማሽ ሰከንድ ይወርዳል፤ ለሳሎን የሚፈለገውም በዚሁ አካባቢ ያለ ቁጥር ነው። አንድ ሰው ብቻውን ግማሽ ካሬ ሜትር ያህል ስለሚመጥ፣ እንግዳ ሲበዛ ፊልሙ የሚጠራው በጨዋታው ሞቅታ ብቻ አይደለም።

በዚህ ረገድ የቀድሞው የጭቃ ቤት ከዘመናዊው የብሎኬት ቤት የሚተናነስ አይደለም። ጭድ የተቀላቀለበት የጭቃ ልስን ሻካራና ቀዳዳ የበዛበት በመሆኑ ከዘይት ቀለም ይልቅ ለጆሮ ይመቻል። ከማዳበሪያ ጆንያ ወይም ከአቡጀዲ ተሰፍቶ የሚወጠረው ኮርኒስም ከበስተጀርባው የአየር ክፍተት ስላለው በድምፅ ግፊት እየተርገበገበ ጥቂት ኃይል ይበላል። ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ያለው ቤት ደግሞ ከፊት ስፒከሮቹ ትይዩ ባለው ባዶ ግድግዳ ላይ ቢሰቅለው፣ ገንዘብ የሚከፈልበት የድምፅ መጣጭ የሚሠራውን ሥራ አብዛኛውን ይሠራለታል፤ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ከተሰቀለ ይበልጥ ይመጣል። ክፍሉ መስተካከሉን ለማወቅ በመካከሉ ቆሞ አንድ ጊዜ ማጨብጨብ ነው፤ እንደ ገደል ማሚቶ የሚንጫጫ ቅሪት ከተሰማ ገና ጨርቅ ይቀረዋል።

የቆርቆሮ ጣሪያና የሐምሌ ዝናብ ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያ ሰዓት ፊልሙን አቁሞ ዝናቡ እስኪያባራ መጠበቅ ነው።

የቤዙ ጉዳይ

ወፍራም ድምፅን ምንጣፍም መጋረጃም አያቆመውም። በሁለት ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ቋሚ ሞገድ ይሠራል። 5 ሜትር ርዝመት ባለው ክፍል የመጀመሪያው ቋሚ ሞገድ 340 ለ10 ሲካፈል 34 ኸርዝ፣ በ4 ሜትሩ ወርድ ደግሞ 42.5 ኸርዝ ነው። ግፊቱ ከግድግዳ ሥር ከፍተኛ፣ በክፍሉ መካከል ዝቅተኛ ነው። ሶፋው ከግድግዳ ጋር በተጣበቀበት ሳሎን የተቀመጠ ሰው ቤዙ ደረቱን ሲመታው፣ በመካከል ቡና የምታፈላዋ ግን ምንም የማይሰማት ለዚህ ነው። ሶፋውን አንድ ክንድ ያህል ከግድግዳው ማራቅ ብዙ ያስተካክላል። ከሁሉ የሚከፋው ርዝመቱና ወርዱ እኩል የሆነ ክፍል ነው፤ ሁለቱ ሞገዶች በአንድ ድግግሞሽ ላይ ስለሚደራረቡ አንድ ኖታ ብቻ ያገሳል። ቤት ለመሥራት «የስንት ቆርቆሮ» ብለው የሚያስቡ ወገኖች ሳሎኑን አራት ማዕዘን ሲያደርጉ አንደኛውን ጎን ረዘም ቢያደርጉት መልካም ነው።

ከፍታና ዋት

ነፋስ መውጫ 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ብዙ ተማሪዎች «እንግዲያው ድምፅ ይዘገያል» ይሉናል፤ አይዘገይም። የድምፅ ፍጥነት የሚወሰነው በአየሩ ሙቀት እንጂ በግፊቱ አይደለም፤ ግፊቱ ሲቀንስ እፍግታውም አብሮ ስለሚቀንስ ይጣጣሉ። የሚቀንሰው የድምፁ ብርታት ነው። የስፒከሩ ወረቀት ያንኑ ያህል ቢርገበገብም የሚገፋው አየር ስለሳሳ፣ ከባሕር ጠረፍ ከተማ ጋር ሲነጻጸር ወደ 3 ዴሲቤል ይጎድላል። ይህ በጆሮ ሲሰማ ጥቂት ነው፤ ለማካካስ ግን እጥፍ ኃይል ይጠይቃል። የሳሳ አየር ሙቀትንም በደንብ አያነሣም። በአንዳንድ የቻይና ሥሪት መሣሪያዎች ጀርባ ላይ የተራራ ሥዕልና «2000 ሜትር» የሚል ምልክት የሚታየው ከዚህና ከኤሌክትሪክ መከላከያ ርቀት ጋር በተያያዘ ነው። ስለዚህ አምፕሊፋየሩን በዳንቴል መሸፈን ለጌጥ ካልሆነ በቀር አይመከርም።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው «ፒኤምፒኦ» የተባለ የዋት ቁጥር ደግሞ ለሻጭ እንጂ ለፊዚክስ የሚያገለግል አይደለም። ካርቶኑ 3000 ዋት እያለ ከጀርባው የተለጠፈው ጽሑፍ ከሶኬት የሚወስደው 80 ዋት ነው ካለ፣ ሳያቋርጥ 80 ዋት እንኳ ሊያወጣ እንደማይችል ኃይል አይፈጠርም አይጠፋም የሚለው ሕግ ይነግረናል። ድምፅ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማን ኃይሉ ወደ አሥር እጥፍ ገደማ ማደግ አለበት። ከስፒከሩ ያለንን ርቀት በግማሽ ብንቀንስ ግን በቀጥታ የሚደርሰን ድምፅ ኃይሉን አራት እጥፍ ያደረግን ያህል ይጨምራል፤ ወንበር መሳብ ደግሞ ነጻ ነው።

ሽቦውም መታየት አለበት። ከአምፕሊፋየሩ 10 ሜትር ለሚርቅ የኋላ ስፒከር ሽቦው ደርሶ መልስ 20 ሜትር ነው። ውፍረቱ 0.2 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጭን መዳብ 1.7 ኦም ያህል ይይዛል፤ ስፒከሩ 4 ኦም ከሆነ ሊያገኘው ይገባ ከነበረው ኃይል ግማሽ ያህሉን ያጣል። ቀዩና ጥቁሩ ጫፍ በአንደኛው ስፒከር ላይ ከተገለበጠ ደግሞ ሁለቱ የፊት ስፒከሮች እየተጻረሩ ቤዙን ያጠፉታል፤ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ፣ ባዶ ባዶ የሚል ከሆነ አስቀድሞ ይህን መመርመር ነው።

የቀረው ለሰብዉፈሩ ቦታ መምረጥ ነው፤ እንደተባለው አቅጣጫው አይታወቅም፣ ቋሚ ሞገዶቹን የሚቀሰቅስበት መጠን ግን በቦታው ይወሰናል፤ ጥግ ላይ ሲሆን ሁሉንም ይቀሰቅሳል። ዘዴው እንዲህ ነው፦ ሰብዉፈሩን አንሥቶ ሰው በሚቀመጥበት ሶፋ ላይ ማስቀመጥ፣ ቤዙ በልዩ ልዩ ኖታ የሚመላለስ ዘፈን መክፈት፣ ከዚያም ጆሮን ወደ ወለል አስጠግቶ በየግድግዳው ሥር እየዳኹ ማዳመጥ። አንዱ ቦታ ላይ ያገሳል፣ ሌላው ላይ ይጠፋል፣ አንድ ቦታ ላይ ግን ሁሉም ኖታ በእኩል ይሰማል፤ ሰብዉፈሩ የሚቀመጠው እዚያ ነው። የቤቱ ልጆች ይህን ሥራ ደስ ብሏቸው ይሠሩታል፤ አያቶች ግን ቀለበት ጠፋ ወይ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም።